ውሻ የነከሰው ጆሮ፣ ያዳነው አልቅትና አልቅቱ ይዞት የመጣው ጣጣ

«እንደ አልቅት ተጣበቀብኝ» የምንለው አልለቅ ያለ ሰው ሲያስቸግረን ነው። አልቅት በቋንቋችን ጥሩ ስም የለውም። ይህ ጽሑፍ ግን አንድ ሐኪም አውቆና ፈልጎ፣ ባሕር አሻግሮ አስመጥቶ፣ በአምስት ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ አልቅት ስላጣበቀበት ጊዜ ነው። አልቅቱ ከሆዱ ውስጥ ምን ይዞ እንደመጣም እናያለን። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ይኼኛው ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 1985፣ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው። አንድን ልጅ ውሻ ነክሶ ጆሮውን ቆረጠው። ልጁ ቦስተን ወደሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ተወሰደ። ጆሮውን መልሶ የሰፋው ጆሴፍ አፕተን የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ በማይክሮስኮፕ ሥር ነው የሚሠራው። የሕፃን ጆሮ የደም ሥሮች ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። የሚሰፉበት ክር ደግሞ ከፀጉር ይቀጥናል። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ እጅ መንቀጥቀጥ አይፈቀድም። ያኔ የሕፃን ጆሮ በዚህ መንገድ ተመልሶ ድኗል ሲባል የሰማ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስፌቱ ያዘ፤ ደም ወደ ጆሮው ገባ። ሁሉም ነገር ጥሩ መሰለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጆሮው ያብጥ ጀመር። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ሄደ።

ምን ሆነ? የመታጠቢያ ሳህን አስቡ። ቧንቧው ተከፍቷል፣ መውረጃው ግን ተደፍኗል። ደም ወደ አካል የሚያመጡት ደም ወሳጅ የሚባሉት ሥሮች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ቢሰፉም ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ደም የሚመልሱት፣ ማለትም ደም መላሾቹ፣ እንደ እርጥብ ወረቀት ስስ ናቸው። ይተኛሉ፣ ይጣበቃሉ፣ በረጋ ደም ይደፈናሉ። በጆሮ ላይ ደግሞ አንዳንዴ የሚሰፋ ደም መላሽ ጭራሽ አይገኝም። ስለዚህ ደሙ ይገባል እንጂ አይወጣም። ኦክስጅኑን የጨረሰ ጥቁር ደም እዚያው ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም አዲስ ደም መግባቱም ይቆማል። ያኔ ጆሮው ይሞታል።

ተፈጥሮ ራሷ መፍትሔ አላት፣ ግን ቀርፋፋ ናት። ከቁስሉ ጠርዝ አዳዲስ ጥቃቅን ደም መላሾች ይበቅላሉ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይወስዳል። ዋናው ጥያቄ እስከዚያ ድረስ ደሙን ማን ያፍስሰው የሚለው ነው።

አፕተን አልቅት ትዝ አለው። ሐሳቡ ጨርሶ ከየትም የመጣ አልነበረም። በ1960 በሉብሊያና፣ በዛሬዋ ስሎቬኒያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና የተተከለ ቆዳ ሲያብጥ አልቅት ተጠቅመው ውጤቱን ጽፈው ነበር። ችግሩ በ1985 አልቅት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢሆን ቀላል ነበር። ፈረንሳይ ብቻ በ1833 ከ40 ሚሊዮን በላይ አልቅት ከውጭ አስገብታለች፤ በዚያ ዘመን ራስ ምታትም ትኩሳትም ሐዘንም በአልቅት ይታከም ነበር። በኋላ ግን ነገሩ የኋላ ቀርነት ምልክት ሆኖ ተረሳ። ደግነቱ በዌልስ ሮይ ሶየር የሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ተመራማሪ አልቅት የሚያረባ ባዮፋርም የተሰኘ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ድርጅቱ ገና አንድ ዓመቱ ነው። አልቅቶቹ ከዚያ በአውሮፕላን መጡ።

ጆሮው ላይ ተቀመጡ። ነከሱ፣ ጠጡ። በደቂቃዎች ውስጥ የጆሮው ቀለም ይመለስ ጀመር። ጆሮው ተረፈ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ የተረሳው አልቅትም እንደገና ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንድ የፈረንሳይ ድርጅት አልቅትን እንደ ሕክምና መሣሪያ እንዲሸጥ ፈቀደ። እንደ ፋሻና እንደ መርፌ ማለት ነው። ሕይወት ያለው መሣሪያ! መዝገብ ውስጥ ሌላ የት ይግባ ታዲያ?

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ነው የሚዘጋው። እስቲ ወደ ልጁ አልጋ እንመለስና ጉዳዩን ከሌላ ጎን እንየው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር ከጀርም የጸዳ ነው። ክሩ፣ መቀሱ፣ ጓንቱ፣ ሁሉም። ከዚያ ከቀናት በኋላ ከውሃ ውስጥ የወጣ ትል መሰል ፍጡር አምጥተን እዚያው ስፌት ላይ እናስነክሳለን። ይህን ያህል ግልጽ ተቃርኖ በሕክምና ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ማስጠንቀቂያውም ቀድሞ ነበር። ከቦስተኑ ጆሮ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1983፣ የብሪታኒያ ሐኪሞች በራሳቸው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አልቅት የኢንፌክሽን ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ተጠርጣሪውንም በስም ጠርተውታል፤ ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው።

ኤሮሞናስ በኩሬና በወንዝ ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በአልቅት ሆድ ውስጥ ግን የመጣው እንደ ቆሻሻ አይደለም፤ የቤቱ ሰው ነው። አልቅት አንዴ ጠግቦ ከጠጣ ለወራት ሳይበላ ይቆያል። የጠጣው ደም በሆዱ ውስጥ ሳይበሰብስ መቀመጥ አለበት። እኛ ያንን ያህል ደም በሞቀ ክፍል ብናስቀምጥ በማግስቱ ይሸታል። በአልቅት ሆድ ውስጥ ግን በሺዎች ከሚቆጠሩት የባክቴሪያ ዓይነቶች በብዛት የሚኖሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ኤሮሞናስ ነው፣ ሌላው ሙሲኒቮራንስ የሚባል። የቀሩት ለምን አይገቡም? አንዱ ምክንያት የሚገርም ነው። የተጠጣው ደም ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖቹን ይዞ ነው የሚገባው፤ እነሱም ሆድ ውስጥ ገብተው ለጥቂት ጊዜ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሌላው ባክቴሪያ ይሞታል። ኤሮሞናስ ግን እነዚያን ፕሮቲኖች ይቋቋማል። ማለትም የአልቅት ሆድ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የደምን መከላከያ የሚችል ባክቴሪያ ሲመርጥ ኖሯል። ከዚያ እኛ ያንን ባክቴሪያ ከነቤቱ አምጥተን ሰው ላይ እናስቀምጠዋለን።

ስለዚህ «አልቅቱን አጥቦ መጠቀም ነው» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ቆዳውን ብታጥበው ቆዳው ይጸዳል፤ ሆዱ ግን አይታጠብም። አልቅቱን አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ምግብ አብልተው ሆዱን ለማጽዳት የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ውጤትም አግኝተዋል። ይህ ግን ለአብዛኛው ሆስፒታል የዕለት ተዕለት አሠራር አልሆነም።

አሁን የተነከሰውን ቦታ አስቡት። ባክቴሪያ ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሱበታል። በዚህ ጆሮ ላይ ግን ደሙ ቆሟል። ወታደሮቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ መንገዱ ተዘግቷል። መድኃኒቱም እንደዚያው። አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው፤ ደም በማይዞርበት ቦታ መድኃኒትም አይዞርም። ከሞተ ሕብረ ሕዋስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኤሮሞናስ ደስ ይለዋል፤ እዚያ ሆኖ ይራባል። አልቅት የሚያስፈልገው ቦታ እና ኢንፌክሽን የሚመቸው ቦታ አንድ ቦታ ነው።

ጆሮ ላይ ሌላም አለ። የጆሮ አጥንት ለስላሳው አጥንት ነው፣ ካርቲሌጅ። ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ከላዩ ካለው ስስ ሽፋን ነው ምግቡን የሚያገኘው። አንዴ ኢንፌክሽን ከገባበት መድኃኒት ማድረስ ከባድ ነው፣ ካርቲሌጁም ቀልጦ ጆሮው ይጨማደዳል። ከቆዳ ኢንፌክሽን ይልቅ የጆሮ ካርቲሌጅ ኢንፌክሽን ሐኪምን እንቅልፍ ይነሳል።

ልጅ መሆኑም ራሱ ችግር ነበር። ኤሮሞናስ ከነ አሞክሲሲሊን ዓይነት መድኃኒቶች ራሱን የሚከላከልበት ኢንዛይም አለው፤ ሴፋሎስፖሪን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች የመጀመሪያው ትውልድም ብዙ አያስጨንቀውም። ለተራ ቁስል የሚታዘዘው መድኃኒት ለአልቅት ንክሻ አይሆንም ማለት ነው። በኋላ ለዚህ ሥራ በየቦታው የተለመደው ሲፕሮፍሎክሳሲን በ1985 አሜሪካ ውስጥ ገና አልተፈቀደም ነበር፤ የተፈቀደው በ1987 ነው። ቢኖርም ለአምስት ዓመት ልጅ በቀላሉ አይሰጥም፤ የልጅ መገጣጠሚያን ይጎዳል የሚል ስጋት አለና። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ገና የሚበቅሉ ጥርሶችን ያቀልማል። በዚያን ጊዜ የነበረው ምርጫ በጣም ጠባብ ነበር።

ኢንፌክሽኑ በምን ያህል ሰው ላይ ይከሰታል? ሪፖርቶቹ ይለያያሉ፤ ከ2.4 እስከ 20 በመቶ የሚሉ ቁጥሮች በብዛት ይጠቀሳሉ። ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኢንፌክሽን ከገባ በኋላ የተተከለው አካል የመትረፍ ዕድል በእጅጉ ይወርዳል። ኢንፌክሽን ከሌለ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ካለ ብዙዎቹ ይጠፋሉ። አልቅቱ የመጣው ጆሮውን ለማዳን ነው፤ ኢንፌክሽኑ ያንኑ ጆሮ ነው የሚወስደው። ብሶ ሲመጣም ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል። የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ያስከተለበት አጋጣሚም በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል።

ጊዜው ደግሞ አይገመትም። አንዳንዴ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል፣ አንዳንዴ አሥር ቀን አልፎ፣ አልቅቶቹ ከተረሱ በኋላ። ከሁሉ የሚያስቸግረው መለየቱ ነው። ጆሮው ድሮም አብጧል፤ ድሮም ቀለሙ ተበላሽቷል፤ በየሰዓቱም ይደማል። ኢንፌክሽንም ሲጀምር ማበጥና መቅላት ነው። ልምድ ያላት ነርስ የምታየው ጆሮውን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ነው። መቅላቱ ስፌቱን ተሻግሮ ወደ ጉንጭና ወደ አንገት ከሄደ፣ ሽታ ካለ፣ መግል ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ነገሩ ደም መጠራቀም ብቻ አይደለም።

ሐኪሞቹ ከዚህ ሁሉ ተነስተው አንድ ልማድ ያዙ። አልቅት ከታዘዘ አንቲባዮቲክም አብሮ ይታዘዛል። ለአዋቂ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ወይም ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋሜቶክሳዞል ጋር፣ ወይም የሦስተኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪን። ሲፕሮ በአፍ ይሰጣል፣ በደንብ ይመጠጣል፣ ኤሮሞናስን ይገድላል። ለዓመታት በቂ ሆነ። «አልቅት ሲደመር ሲፕሮ» ብሎ ማዘዝ እንደ ሻይ በስኳር ሆነ። እንዲህ ያለ ልማድ ሲበዛ ደግሞ ሁሉም መጠየቅ ያቆማል።

በ2010ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሲፕሮ እየወሰዱ ኢንፌክሽን የያዛቸው ሕሙማን ሪፖርት ይደረጉ ጀመር። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ሲታይ የተገኘው ያው ኤሮሞናስ ነው፤ ግን ሲፕሮ የማይገድለው። መድኃኒት የተላመደ። መጀመሪያ ሰው የሚጠረጥረው ሕመምተኛውን ነው፤ ቀድሞ ሲፕሮ ወስዶ ይሆናል፣ ባክቴሪያው እሱ ላይ ሆኖ ተላምዶ ይሆናል ይባላል። ከዚያ በሆስፒታሉ ማስቀመጫ ውስጥ ያሉ፣ ገና ማንንም ያልነከሱ አልቅቶች ተመረመሩ። በእነሱም ሆድ ውስጥ ሲፕሮን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኘ። ባክቴሪያው ተላምዶ ነው የመጣው።

ማንንም ያልነከሰ አልቅት ሲፕሮን የት አግኝቶት ነው? የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲው ዮርግ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2018 ያሳተሙት ጥናት መልሱን ወደ አልቅቱ ምግብ ይመራዋል። አልቅት በእርባታ ቦታ ደም ይመገባል፤ ከሚመገበው አንዱ የዶሮ ደም ነው። ለዶሮ ደግሞ የሲፕሮ የቅርብ ዘመድ የሆነ ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባል መድኃኒት የሚሰጥበት አገር አለ። አሜሪካ ለዶሮ መስጠቱን በ2005 ከልክላለች፤ አልቅቶቹ ግን ከውጭ ነው የሚመጡት። በደሙ ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት በጣም ጥቂት ነው፣ ባክቴሪያውን የሚገድል አይደለም። ጥናቱ ያሳየው ያ ጥቂትም ቢሆን በአልቅት ሆድ ውስጥ የተላመደው ባክቴሪያ ያልተላመደውን እንዲያሸንፍ እንደሚበቃ ነው። አልቅት ደሙን ለወራት እንደሚይዝ አትርሱ። መድኃኒቱም አብሮ ይቆያል። የዶሮ እርባታ ላይ የተወሰነ ውሳኔ በሰንሰለት መጥቶ የሰው ጆሮ ላይ አረፈ።

በዚህ መሃል ሌላም ነገር ተገለጠ። ከአውሮፓ ለሆስፒታል የሚሸጠው አልቅት ሂሩዶ ሜዲሲናሊስ ነው ሲባል ኖሯል። በ2007 በዘረመል ሲመረመር አብዛኛው ሂሩዶ ቨርባና የተባለ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ለሕመምተኛው ያን ያህል ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ግን ሃያ ዓመት ስንጠቀምበት የኖርነውን ፍጡር ስሙን እንኳ በትክክል አናውቀውም ነበር።

ያው የቦስተኑ ጆሮ ዛሬ ማታ ቢመጣስ? አልቅት አሁንም ይታዘዛል፤ ከሱ የተሻለ ብዙ አልተገኘም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካዊ አልቅት ለመሥራት ተሞክሮ ነበር፤ ሕይወት ያለውን ግን ከሥራው አላፈናቀለውም። ምክንያቱም ጥቅሙ መጥባቱ ብቻ አይደለም። አንድ አልቅት የሚጠጣው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነው። ትልቁ ሥራ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በምራቁ ውስጥ ያለው ሂሩዲን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ቁስሉም ለሰዓታት ቀስ እያለ ይደማል። (በዚህ ምክንያት ደም መውሰድ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው። ሕፃን ላይ ደግሞ ትንሹም ደም ብዙ ነው።)

ቅደም ተከተሉ ግን ይቀየራል። መጀመሪያ ደም ወሳጁ መሥራቱ ይረጋገጣል። ጆሮው ነጭና ቀዝቃዛ ከሆነ ችግሩ መግቢያው ላይ ነው፤ አልቅት ምንም አይፈይድም፣ ባክቴሪያ ብቻ ያስገባል። አልቅቱ ራሱ እንቢ ካለም ልብ ይባላል፤ ደም የሌለበትን ቦታ መንከስ አይወድም። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሕመምተኛ ከሆነም ሐኪሙ ሁለቴ ያስባል።

ቀጥሎ አንቲባዮቲኩ ይሰጣል። ከመጀመሪያው ንክሻ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ለልጅ የሚሆነው ይመረጣል፤ ሲፕሮ ብቻውን ለአዋቂም ቢሆን የማይታመንበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ሁለት መድኃኒት የሚያጣምሩ አሉ። ከዚያ እኔ ዋና የምለው ሥራ ይመጣል። አልቅቶቹ ካሉበት ዕቃ አንድ አልቅት ወይም የተቀመጠበት ውሃ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የሕመምተኛው ቁስል እስኪመግል አይጠበቅም። ባክቴሪያው እስኪያድግና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እስኪታወቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የአልቅት ሕክምና ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይቆያል። ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ይስተካከላል። ወጪው ከአንድ ጆሮ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ይህን የማያደርጉ ብዙ ቦታዎች መኖራቸው ይገርመኛል።

አልጋው አጠገብ ያለው ሥራ ቀላል ይመስላል፣ ግን ኢንፌክሽን የሚገባው በእሱም በኩል ነው። አልቅቱ እስኪጠግብ ይጠበቃል፤ ሲጠግብ በራሱ ይወድቃል። አንዳንድ ሰው ቸኩሎ ጨው ይነሰንስበታል ወይም ይጎትተዋል። ያኔ አልቅቱ የሆዱን ወደ ቁስሉ ይተፋል። ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ኤሮሞናሱን በገዛ እጅ ቁስል ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። በጆሮው ዙሪያ ጎዝ ይደረጋል፤ አልቅት ተጓዥ ነው፣ የጆሮ ቀዳዳም ቅርብ ነው። ነርሷ ትቆጥራለች። ሁለት ከተቀመጡ ሁለት መነሳት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ትራሱም ልብሱም ይገለበጣል። የጠገበው አልቅት ወደ ዕቃው አይመለስም፤ ለዚያው ልጅም ቢሆን ዳግም አይውልም። 70 በመቶ አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደም የነካ ነገር ወደ አደገኛ የሕክምና ቆሻሻ ማጠራቀሚያ።